ጥርሱ ታክሞ ጉንጩ ሲያብጥ

(አዳማ ውስጥ በአንድ የሠፈር እድር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጥርስ ሐኪምነቴ ያደረግሁት ንግግር ነው። በስልክ ከተቀዳው ድምፅ ላይ ስለተጻፈ አነጋገሩን እምብዛም አልነካሁትም።)

የተከበራችሁ የእድራችን ዳኛ፣ ጸሐፊያችን፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድም እኅቶቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ! አካም ጅርቱ! እዚያ በር ላይ የቆማችሁ ወጣቶች፣ ወንበር አለ፣ ግቡ እንጂ። ዛሬ መርፌም ጉጠትም አልያዝኩም። (ሳቅ)

ዳኛችን ግማሽ ሰዓት ሰጥተውኛል። ከእኔ ቀጥሎ የድንኳኑ ጉዳይ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ድንኳኑ ከጥርስ ይበልጥ እንደሚያነጋግራችሁም አውቃለሁ። ስለዚህ ቶሎ ልግባበት።

ዛሬ የማነሣው የጥርስ ሥር ሕክምናን፣ ሁላችንም ሩት ካናል የምንለውን ነው። ስለ ሕክምናው ራሱ ብዙ አልልም። የምናገረው ከሕክምናው በኋላ ስለሚመጣ እብጠት ነው። ሰው ታክሞ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ሲነሣ ጉንጩ ተነፍቶ ያገኘዋል። ምን ያደርጋል? አንዱ «መርዙ እየወጣ ነው፣ ሕክምናው ሠርቷል ማለት ነው» ብሎ ዝም ይላል። ሌላው «ድሮም ማስነቀል ነበረብኝ» እያለ ይብሰለሰላል። ሌላው ፋርማሲ ይሮጣል። ወደ አከመው ሐኪም ቀጥ ብሎ የሚመለሰው ግን ጥቂት ነው። ለምን? ከምሰማው ሁሉ ዋናው ምክንያት ገንዘብና ይሉኝታ ነው። «እንደገና ያስከፍሉኛል» ይላል። «ሐኪሙን የወቀስኩት ይመስልብኛል» ይላል። እናንተዬ፣ ጉንጭ አብጦ ምን ይሉኝታ አለ?

በሦስት ነገር ላይ እናገራለሁ። አንደኛ፣ ነርቩ ከወጣ በኋላ ለምን ያማል፣ ለምንስ ያብጣል? ሁለተኛ፣ የትኛው እብጠት ቤት ውስጥ ይጠበቃል፣ የትኛው ሐኪም ይፈልጋል፣ የትኛውስ ሌሊቱን አያሳድርም? ሦስተኛ፣ ስለ ካፕሱል አንድ ሁለት ቃል አለኝ። እዚያ ላይ ብቆጣ ከወዲሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ወደ አንደኛው ልሂድ።

«ዶክተር፣ ነርቩን ገድለኸው የለ እንዴ? የሞተ ነገር እንዴት ያመኛል?» ይህን የማልሰማበት ሳምንት የለም። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛ ያወጣነው በጥርሱ ሆድ ውስጥ ያለውን ሥጋ ነው፤ ነርቩና የደም ሥሩ አብረው ይወጣሉ። ጥርሱን ከመንጋጋ አጥንት ጋር ያያዘው ጅማት ግን አልወጣም። በሥሩ ዙሪያ አለ፣ ስስ ነው፣ የራሱ ነርቭ አለው፣ ሕያው ነው። እኛ ደግሞ ስናጸዳ ፋይል በምንላቸው ቀጫጭን መሣሪያዎች እስከ ሥሩ ጫፍ እንወርዳለን። ጫፉ ላይ ያለው ሥጋ መቆጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ሲያኝኩበት ማመሙ፣ ሲነኩት መጠዝጠዙ ለሁለት ለሦስት ቀን የሚጠበቅ ነው። ግን በየቀኑ እየቀነሰ መሄድ አለበት። እየቀነሰ! ይህችን ያዙልኝ።

እብጠትስ? ብዙ ጊዜ ጥርሱ ወደ እኛ የሚመጣው ከሞተ ከርሞ ነው። ከሥሩ ጫፍ በታች ባክቴሪያ ተከማችቷል፤ ሰውነት ደግሞ ዙሪያውን አጥሮ ይዞታል። ስናጸዳ ከዚያ ቆሻሻ ጥቂት ከጫፉ ወዲያ ሊያልፍ ይችላል። ሰውነት ይነሣበታል፣ ያብጣል፣ አንዳንዴም መግል ይቋጥራል። ይህ በጥሩ ሐኪም እጅም ይደርሳል፤ ስላበጠ ብቻ «አበላሸብኝ» ማለት አይቻልም። ሌላው ምክንያት ያልተገኘ ቦይ ነው፤ ቦይ የምለው በጥርሱ ሥር ውስጥ ነርቩ የሚያልፍባትን ቀጭን መንገድ ነው። የላይኛው የመጀመሪያ ትልቁ መንጋጋ ጥርስ ብዙ ጊዜ አራት ቦይ አለው፤ አራተኛዋ በጣም ቀጭን ናት፣ ትደበቃለች። እሷ ሳትጸዳ ከቀረች ባክቴሪያው እዚያው ቤቱን ይሠራል። የጥርስ መሰንጠቅም አለ።

ከስንት አንዴ ደግሞ የምናጥብበት ፈሳሽ ከሥሩ ጫፍ ያልፋል። ፈሳሹ ቤታችሁ ካለው በረኪና ጋር አንድ ዓይነት ኬሚካል ነው፣ እኛ ጋ ተለክቶ ይሠራበታል እንጂ። ሲያልፍ ሰውየው ወንበሩ ላይ እንዳለ ድንገት እንደ እሳት ያቃጥለዋል፣ ጉንጩም በደቂቃዎች ውስጥ ያብጣል፣ በኋላም ይጠቁራል። ያኔ ሐኪሙ ራሱ ሊነግራችሁና ሊከታተላችሁ ይገባል። ዝም ካለ እናንተ ጠይቁ።

አንዳንዱ ግን ቀላል ነው። አንዲት መምህርት ሙሌት አድርጋ ከሄደች በኋላ ጥርሷን መንካት አቃታት። ስትመጣ ቀጭን ባለቀለም ወረቀት በጥርሶቿ መሐል አደረግሁና «ንከሺ፣ ግራ ቀኝ ፈጭ ፈጭ አድርጊ» አልኳት። ወረቀቱን ሳወጣው ሙሌቱ አናት ላይ አንዲት ደማቅ ሰማያዊ ነጥብ ቀርታለች። ሌላው ጥርስ ላይ ምንም የለም። ማለትም አፏን በዘጋች ቁጥር የመንጋጋዋን ጉልበት ሁሉ የምትቀበለው ያቺ ነጥብ ነበረች። ነጥቧን ፋቅ ፋቅ አደረግኋት፣ አለቀ። ለአምስት ደቂቃ ሥራ ሳምንቱን ሾርባ ስትጠጣ ነበር የከረመችው። «ለምን አልደወልሽም?» ስላት «አስቸጋሪ ናት እንዳትለኝ» አለችኝ። ይሉኝታ ያልኳችሁ ይህን ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ዋናው ይህ ነው።

ሰው እብጠትን በመጠኑ ይለካል። «ትንሽ ነው»፣ «ትልቅ ነው» ይላል። እኔ የምላችሁ መጠኑን ተዉት፤ ወዴት እየሄደ እንደሆነ እዩ። ክረምት ላይ ጎርፍ ከዙሪያችን ካለው ተራራ ሲወርድ አዳማን አታውቋትም? መውጫ ያጣ ውኃ ዝቅ ወዳለው ሠፈር ነው የሚሄደው። መግልም እንደዚያው ነው። የሚሄድበትን የሚወስነው የጥርሱ ቦታ ነው። የላይኛው ክራንቻ ከሆነ ወደ ዐይን ሥር ይወጣል። የታችኛው የኋላ መንጋጋ ከሆነ ሥሩ ረጅም ስለሆነ ከአፍ ወለል ጡንቻ በታች ይከፈትና ወደ አገጭ ሥር፣ ወደ አንገት ይወርዳል። ስለዚህ የላይኛው ጥርስ ሲያብጥ ዐይናችሁን፣ የታችኛው ሲያብጥ አንገታችሁን ጠብቁ።

እብጠቱ ድዱ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ከውጭ ካልታየ፣ ትኩሳት ከሌለ፣ ቤት ሆኖ ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ ይቻላል። ለሐኪሙ ግን ደውላችሁ ንገሩት። በሦስተኛው ቀን እየቀነሰ ካልሆነ ሂዱ።

ጉንጭ ላይ ከውጭ የሚታይ ከሆነ ግን በዚያው ቀን፣ ካልሆነም በማግስቱ መታየት አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነገር አለ። ሌሊቱን ሲጠዘጥዘው ያደረው ሰው ጠዋት ሕመሙ ቀለል ብሎት ፊቱ ግን አብጦ ይነሣል። «ተሻለኝ» ይላል። አልተሻለህም! መግሉ አጥንቱ ውስጥ ታፍኖ ሳለ ነበር የሚያሠቃይህ። አጥንቱን ሰብሮ ወደ ሥጋው ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ሕመሙም ይቀንሳል። ሕመም ቀንሶ እብጠት ከጨመረ ነገሩ ወደ ፊት ሄዷል ማለት ነው።

ሌሊቱን የማያሳድረውስ? አሁን እስቲ አንድ ነገር አብረን እናድርግ። ሦስት ጣቶቻችሁን ገጥማችሁ አቁሙና በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሳችሁ መሐል አስገቡ። አፈሩ እንዴ? ዳኛችን እንኳ እያደረጉ ነው! (ሳቅ) አብዛኞቻችሁ ሦስቱም ገብተዋል። በጥርስ እብጠት ላይ ሁለቱ ብቻ ከገቡ፣ ይባስ ብሎ አንዱ ብቻ ከገባ፣ እብጠቱ የማኘኪያ ጡንቻዎች ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ያ ሰው «ነገ እሄዳለሁ» አይባልለትም።

ምራቁን መዋጥ ካቃተው፣ ምራቁ ከአፉ ከወረደ፣ ምላሱ ሥር ጠጥሮ ምላሱን ወደ ላይ ከገፋው፣ ድምፁ ከተለወጠ፣ ጋደም ሲል ትንፋሽ እያጠረው ቁጭ ካለ፣ ወደ ጥርስ ክሊኒክ አትውሰዱት። ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል! ሰዓት አትጠብቁ፤ የአዳማ ሆስፒታል ድንገተኛ ሌሊትም ይሠራል። መኪና ከሌለ ባጃጅ ጥሩ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ሉድቪግ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1836 እ.ኤ.አ. ይህን ሕመም በዝርዝር ጽፎታል፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ፔኒሲሊን ባልነበረበት ዘመን ከተያዙት ውስጥ ከግማሽ በላይ ይሞቱ ነበር። የሚገድለው ምላስን ወደ ኋላ ገፍቶ የአየር መንገዱን ሲዘጋ ነው። ለዚያ ኦክስጅን ያስፈልጋል፣ የአየር መንገድ የሚከፍት ሐኪም ያስፈልጋል። እኔ ክሊኒክ ውስጥ ያ የለም።

እንዲሁም ዐይኑ በእብጠት ከተዘጋ፣ ማየት ከደበዘዘበት፣ ብርቱ ራስ ምታት ከያዘው፣ ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ በላይ ሆኖ ብርድ ብርድ ካለው፣ እሱም ሆስፒታል ነው። የፊት ደም ሥሮች ወደ ራስ ቅል ውስጥ መንገድ አላቸውና።

ስኳር ያለባችሁ፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያላችሁ፣ ኤችአይቪ በደማችሁ ያለ፣ ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የምትወስዱ፣ ለእናንተ ያልኩት «ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ» አይሠራም። ትንሽም ብትሆን በዚያው ቀን ታዩ። ነፍሰ ጡሮችም እንዲሁ፤ «እርጉዝ ነኝ፣ ጥርስ አይነካም» የሚባለው ትክክል አይደለም፣ ይታከማል።

ሕፃናትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ልጁ ጥርሱን ታክሞ ማታ የታች ከንፈሩ አብጦ፣ ነጭ ሆኖ ቆስሎ ካያችሁ አትደንግጡ። ማደንዘዣው ሳይለቀው ከንፈሩን ሲያኝክ ነበር የዋለው። እስኪለቀው ሁለት ሦስት ሰዓት ምግብ አትስጡት፣ ዐይናችሁንም ከእሱ አታንሡ።

ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? ቀዝቃዛ ነገር ያዙበት። የቀዘቀዘ የሃይላንድ ውኃ በፎጣ ጠቅልሎ 15 ደቂቃ መያዝ፣ ማንሣት፣ ደግሞ መያዝ። ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አድርጎ መጉመጥመጥ። ስትተኙ ትራስ ጨምራችሁ ራሳችሁን ቀና ማድረግ። ሙቀት ግን አይሆንም!

እዚህ ከተማ ደግሞ ሶደሬ ቅርብ ነው። አንዲት እማማ ፊታቸው አብጦ «ፍል ውኃው ያፈርጠዋል» ተብለው ሶደሬ ሄዱ። ሁለት ቀን እዚያ ሰነበቱና ዐይናቸው ተከድኖ መጡ። «ልጄ፣ ወገቤን አድኖኛል እኮ!» ይሉኛል። እማማ፣ ወገብና መግል አንድ አይደሉም። ሙቀት ደም ሥርን ይከፍታል፣ እብጠቱን ይጨምራል። ሶደሬን አልጠላም፤ እኔም ቤተሰቤን ይዤ እሄዳለሁ። ያበጠ ፊት ይዞ ግን አይኬድም። አረቄ መያዝ፣ አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ፣ በመርፌ መውጋት፣ እነዚህም ይቅሩ። አስፕሪን ድድን ያቃጥላል፤ ነጭ ሆኖ የተላጠ ድድ ብዙ አይቻለሁ።

ማስታገሻን በተመለከተ፣ ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም አስም ለሌለበት፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነች፣ ደም ማቅጠኛም ለማይወስድ አዋቂ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ጥሩ ነው፤ ምግብ ከተበላ በኋላ። ጾም ላይ ችግር የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ሰው እስከ 9 ሰዓት እህል ሳይቀምስ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ በባዶ ሆዱ ይውጣል፣ ከጥርሱ ሌላ ጨጓራውን ይዞ ይመጣል። ፓራሲታሞል ባዶ ሆድ ላይ ይሻላል፤ ባለ 500ው በቀን ከ8 ፍሬ አይለፍ። የጾሙን ነገር የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ በረመዳንም ኢማማችሁን፤ ታማሚን የሚመለከተው ደንብ ሁለቱም ጋ አለ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን ደግሞ አትደርቡ፤ ዘመዳሞች ናቸው።

ሦስተኛው፣ ካፕሱል።

የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች እዚህም እንዳላችሁ አያለሁ። ከእናንተው አንዱ ታች መንጋጋውን ጀመርንለት። የመጀመሪያ ቀን ጸድቶ፣ መድኃኒት ገብቶበት፣ ላዩ በጊዜያዊ ሙሌት ተዘጋ። ሕመሙ ቆመለት። ሕመሙ ሲቆም ቀጠሮውም ተረሳ፤ መኪናው ጭነት ነበረው። በመንገድ ላይ ጫቱን በዚያው ጉንጩ ወትፎ፣ ቆሎውንም በዚያው ጥርስ ቆርጥሞ ጊዜያዊው ሙሌት ወለቀ። የተከፈተ ጥርስ ውስጥ ምራቅ ገባ፣ ባክቴሪያ ገባ። አዋሽን አልፎ ሲሄድ ፊቱ አበጠ። ፋርማሲ ገብቶ «አሞክሳሲሊን ስጠኝ» አለ፤ ማዘዣ ማን ጠየቀው? ጥቂት ፍሬ ዋጠ፣ እብጠቱ ጎደለ፣ የቀረውን ኪሱ ከተተ። በሚቀጥለው ጉዞ እንደገና አበጠ፣ እንደገና ከኪሱ አወጣ። ወደ እኔ ሲመጣ አፉ አንድ ጣት እንኳ በቅጡ አያስገባም ነበር። አገጩ ሥር ስነካው ጠጥሯል። እኔ ክሊኒክ አላስቀመጥኩትም፤ ወዲያው ሆስፒታል ላክሁት፣ ተከፍቶ መግሉ ወጣለት። ተርፏል፣ ዛሬም ይነዳል። አንገቱ ላይ ግን ጠባሳው አለ።

አሁን ልቆጣ። መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው። በሞተ ጥርስ ውስጥ ደም አለ? የለም። ታዲያ ካፕሱሉ በየት በኩል ገብቶ ያጸዳዋል? አይገባም! ወደ ዙሪያው ሥጋ የወጣውን ጥቂት ይገፋል፣ እብጠቱ ይጎድላል፣ ምንጩ ግን እዚያው ተቀምጧል። ሕክምናው ጥርሱን ከፍቶ ማጽዳት፣ መግሉን ማውጣት፣ የማይድን ከሆነም መንቀል ነው። «ያበጠ ጥርስ አይነካም፣ መጀመሪያ ካፕሱል ጨርሰህ ና» የሚለው ነገር ሰዎችን ሲያስዘገይ የኖረ ነው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያም፣ ጤናማ ለሆነ አዋቂ የጥርሱን ሕክምና ማግኘት እስከቻለ ድረስ ለአብዛኛው የጥርስ ሕመምና በቦታው ለተወሰነ እብጠት አንቲባዮቲክ አይታዘዝም ይላል። ትኩሳት ሲኖር፣ እብጠቱ ሲሰፋ፣ የሰውነት መከላከያ ሲደክም ይታዘዛል፤ ያኔም ከሕክምናው ጋር ነው። ሐኪም ካዘዘላችሁ እንዳዘዘው ውሰዱ። የጎረቤት ትርፍ አትዋጡ፣ ትርፋችሁንም ለጎረቤት አትስጡ። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አንዲት ፍሬ ልትገድለው ትችላለች። እድርተኛ ነን፣ እንጀራ እንዋዋሳለን፣ ድስት እንዋዋሳለን፤ ካፕሱል ግን አንዋዋስም!

በነገራችን ላይ፣ ከወንጂ አካባቢ የመጣችሁ ወንድሞች ሁሌ የምትጠይቁኝ አለ፤ «ጥርሳችን ስለ ጠቆረ ነው ወይ የሚያብጠው?» ትላላችሁ። ቡናማው ቀለም የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት በልጅነታችሁ የመጣ ነው። እብጠትን አያመጣም። ጥርሱ ከቦረቦረ እንደማንኛውም ጥርስ ይታከማል።

ሌላ ያልጨረስኩት፣ ከወራት በኋላ ወይም ከዓመት በኋላ ድድ ላይ ብጉር የምትመስል ነገር ወጥታ ስትፈርጥ፣ ስትደርቅ፣ ደግሞ ስትወጣ የምታዩ አላችሁ። አታምም፤ ስለዚህ ሰው ይተዋታል። እሷ መግሉ መውጫ ያበጀባት ቀዳዳ ናት። ሌሊት አያስሮጥም፣ ግን ቀጠሮ ያዙ፣ ራጅ ይነሣ። ምናልባት ሕክምናው መደገም አለበት።

እና ከክሊኒክ ስትወጡ፣ እባካችሁ፣ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሙሌቱ ጊዜያዊ ነው ወይስ ቋሚ? ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው? ማታ ወይም እሑድ ቢያብጥብኝ የምደውልበት ቁጥር የቱ ነው? ቁጥሩን በቀጠሮ ካርዱ ላይ አስጽፉት። ቁጥር አልሰጥም የሚል ሐኪም ካጋጠማችሁ፣ በእኔ በኩል፣ ሌላ ሐኪም ፈልጉ እላለሁ። ለክትትል ያስከፍላል ወይ የሚለውንም ወንበሩ ላይ ሳትወጡ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሲያብጥ የሚይዛችሁ ይኸው ጥያቄ ነውና።

የእኔ ሰዓት አልቋል፣ ዳኛችን ሰዓታቸውን ሁለቴ አይተዋል። ከድንኳኑ በፊት ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ። እሺ፣ እዚያ ጥግ እጃቸውን ያወጡት እናት ይቅደሙ።